በሮም ቤተ መሳፍንት ያለው የስደቱ ሥዕል

በሮም ከተማ ኮርሶ በተባለው ጎዳና የዶሪያ ፓምፊሊ መሳፍንት ቤት ይገኛል፤ ሥዕላቱ እስከ ዛሬ የቤተሰቡ ንብረት ሲሆኑ የመግቢያ ዋጋ የከፈለ ሁሉ ያያቸዋል። ከዚሁ ቤተሰብ የተወለዱት የሮም ፓፓ ኢኖሰንት ዐሥረኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1650 ቬላስኬዝ የሣለው መልካቸው በርኒኒ ከቀረጸው ምስላቸው ጋር በአንዲት ትንሽ ክፍል ለብቻው ተቀምጧል። የእመቤታችንን ስደት የሚያሳየው የካራቫጆ ሥዕል ግን ከብዙዎች መካከል ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ እልፍኝ ሲያገኝ ስደተኛው አላገኘም።

በ1597 ገደማ በተሣለው በዚህ ሥዕል እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ አንቀላፍታለች። ዮሴፍ የዜማውን ጽሑፍ ይዞለት፣ መልአኩ ጀርባውን ወደ እኛ አዙሮ ቫዮሊን ይጫወታል፤ የዜማው ቃል ከመኃልየ መኃልይ የተወሰደ ነው። ሰሎሜ የለችም። በወርኃ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ ረኃቡንና ጥሙን እያሰብን ሰቆቃወ ድንግልን ለምናዜም ለእኛ እንዲህ ያለው ዕረፍት እንግዳ ነው። ሠዓሊው ስደቱን አቀለለው ብዬ ልነቅፈው ቃጥቶኝ ነበር፤ የዮሴፍን እግር እስካይ ድረስ። ጫማ የለውም፤ አንዱን እግር በሌላው ላይ አሳርፎታል፣ የመንገደኛ እግር ነው። ጎብኚዎች የመልአኩን ክንፍ አድንቀው ያልፋሉ፤ ከኢየሩሳሌም የሚሄድ ተሳላሚ ግን በዚያ እግር ፊት ጥቂት ይቁም።