አፍ ያለው ጭምብል

በአማርኛ አነጋገራችን ጭምብል በጎ ስም የለውም። «ጭምብሉ ተገፈፈ» ስንል አስመሳዩ ተጋለጠ፣ የተደበቀው ወጣ ማለታችን ነው። ፊቱን የሸፈነ ሰው የሚሰውረው ጉድ አለው ብለን አስቀድመን እንፈርዳለን። በኢንዶኔዥያዋ ደሴት በባሊ ግን ከያኒው ፊቱን የሚሸፍነው ሊደበቅ ሳይሆን ሌላውን ሊገልጥ ነው። ከዘመናት በፊት ለሞተ ንጉሥ፣ ለደከመ አዛውንት፣ ለኮልታፋ ገበሬ ገላውን ያውሳል።

ይህ ጥበብ «ቶፔንግ» ይባላል። ቃሉ ጭምብል ማለት ሲሆን የውዝዋዜ ተውኔቱም መጠሪያ ሆኗል። ታሪኮቹ በአብዛኛው የሚቀዱት «ባባድ» ከሚባሉት የነገሥታትና የመሳፍንት ዜና መዋዕሎች ነው። ቶፔንግን የሚያደንቁ የውጭ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚማረኩት በተቀረጸው እንጨት፣ በሚያብረቀርቀው ልብስና በዝምታው ግርማ ነው። እኔ ግን የቶፔንግ ነፍስ ያለችው ዝም ባለው ጭምብል ሳይሆን በሚናገረው ላይ ነው እላለሁ።

ነገሩን ለመረዳት «ፓጀጋን» የተባለውን ዓይነት እንውሰድ። በፓጀጋን አንድ ተዋናይ ብቻውን ሁሉንም ይሆናል። ጭምብሎቹን በቅርጫት ይዞ ከመጋረጃ ኋላ ይቀመጥና አንዱን እያወለቀ ሌላውን እያጠለቀ ይወጣል። መጀመሪያ ዐይኑ የፈጠጠ ብርቱ ሹም ይመጣል። ከዚያ ሽበታሙ ሽማግሌ ይከተላል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ የወጣትነት ወኔው ግን ድንገት ብልጭ ይልበታል። እነዚህ ሙሉ ጭምብል ያጠለቁ ናቸውና አይናገሩም። ቀጥሎ አገጩን ነፃ የሚተው ግማሽ ጭምብል ያደረገው አገልጋይ፣ «ፔናሳር»፣ እያዜመ ገብቶ ታሪኩን ይጀምራል። ኋላ ፈገግታው የማይለወጠው ንጉሥ ይወጣል። ንጉሡም አይናገርም።

ትምህርቱ የሚጀምረው በጭምብል አይደለም። ተማሪው በቅድሚያ «አገም» የተባለውን መሠረታዊ አቋቋም ይለማመዳል፤ ጉልበት እጥፍ፣ ትከሻ ከፍ፣ ክንድ ዘርጋ አድርጎ መቆም ማለት ነው። ወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ «ባሪስ» በተባለው የጦረኞች ውዝዋዜ ይጀምራሉ። በቀደመው ልማድ መምህሩ ብዙ አያስረዳም፤ ከተማሪው ኋላ ቆሞ አንጓውን ይዞ ገላውን ይመራዋል። ግሪጎሪ ቤትሰንና ማርጋሬት ሚድ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተሙት የፎቶግራፍ ጥናት ውስጥ ዝነኛው ተወዛዋዥ ማሪዮ በዚህ መንገድ ሲያስተምር ይታያል። ዕውቀቱ የሚሻገረው ከጡንቻ ወደ ጡንቻ ነው።

ጭምብሉ ሲጠለቅ ሌላ ትምህርት ይጀምራል። በጠባቧ ቀዳዳ የሚታየው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዐይን ይሠራው የነበረውን ሁሉ አንገት ይረከባል። ራሱን ትንሽ ቀና ቢያደርግ እንጨቱ ይኮራል፤ ዝቅ ቢያደርግ ያዝናል። በዚህ ላይ ሙዚቃውን የሚመራው እሱው ነው። «አንግሰል» በተባለው የእንቅስቃሴ ምልክት ለከበሮ መቺው ያስታውቃል፤ ከበሮ መቺው ጋሜላን ለተባለው የነሐስ መሣሪያዎች ጓድ ያስተላልፋል፤ ሁሉም ከእግሩ ጋር ቀጥ ይላል።

ይህን ሁሉ ትጉህ የሆነ ባዕድ ሊማረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በባቱዋን መንደር ከታላቁ የቶፔንግ ሊቅ ከኢ ኞማን ካኩል ዘንድ የተማሩ አሜሪካውያን ነበሩ። ዳገቱ የሚመጣው ግማሹ ጭምብል ላይ ሲደረስ ነው። ፔናሳር ለመሆን ጥንታዊውን የካዊ ቋንቋ ማዜም፣ ወዲያው ወደ ባሊኛ መፍታት፣ ለጌታ በትሕትናው ቋንቋ፣ ለእኩያ በተራው መናገር ያስፈልጋል። የመንደሩን ወሬ፣ የሰሞኑን ጭቅጭቅም ማወቅ ግድ ነው። እዚህ ላይ አንጓ ይዞ የሚመራ መምህር የለም።

ፈረንሳዊው የቴአትር ሰው አንቶናን አርቶ እ.ኤ.አ. በ1931 ፓሪስ በተካሄደው የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን የባሊን ውዝዋዜ አይቶ ተደመመ። የንግግር ባሪያ ሆኗል ላለው የምዕራብ ቴአትር መድኃኒት ያገኘ መሰለው፤ ገላ ራሱ ቋንቋ የሚሆንበት መድረክ። አስተያየቱ ለአውሮፓ ቴአትር ጉልበት ሰጥቷል፤ ይህን አንክድም። ይሁንና በአርቶ መነጽር ቶፔንግን ማየት ግማሹን ተውኔት ቆርጦ መጣል ነው። ቋንቋውን ለማይሰማ ሰው ንግግሩ ሁሉ ዜማ ነውና።

ለመሆኑ አገልጋዩ ብቻ ለምን ይናገራል? አምስት ሆነው በሚጫወቱት ቶፔንግ ንጉሡ እጁን ሲያነሣ ምን እንዳለ የሚነግረን ከጎኑ የቆመው አገልጋይ ነው፤ በቃሉ ፍቺ አፈ ንጉሥ ነው ማለት ይቻላል። ቃል ከዙፋን ወደ ሕዝብ ሲሻገር መሐል ላይ ክፍተት አለ፤ የቶፔንግ ብልሃት የሚኖረው በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ እየተተረከ ሳለ የዛሬው ሹም ይነካል። «ቦንድሬስ» የሚባሉት የመንደር ሰዎች፣ ጥርሰ ገጣጣው፣ ደንቆሮው፣ ተብታባው፣ እየገቡ የከበደውን ያቀላሉ፤ የቀለለውንም ያከብዳሉ።

አፍ ግን የሚከራይ ዕቃም ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1998 በቆየው የሱሃርቶ አገዛዝ መንግሥት የቤተሰብ ምጣኔና የልማት መልእክቱን በእነዚሁ አገልጋዮችና ቀልደኞች አፍ አስነግሯል። መልእክቱ መልካም ሊሆን ይችላል። ንጉሡን በሹክሹክታ የሚተቸው አፍ የንጉሡ ድምፅ ማጉያ ሲሆን ግን የተውኔቱ ሚዛን መዛባቱ አይቀርም።

ዛሬ የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ሁለቱ ግማሾች እየተለያዩ ነው። በሆቴልና በጎብኚ መድረክ የሚታየው ብዙ ጊዜ የሹሙ ወይም የሽማግሌው አጭር ውዝዋዜ ነው፤ ገላ አለ፣ አፍ የለም። በሌላ በኩል ቦንድሬሶች ከታሪኩ ተነጥለው ራሱን የቻለ የቀልድ ትርዒት ሆነዋል፤ አፍ አለ፣ ንጉሥ የለም። የመጀመሪያው ቱሪስቱን ያስደምማል፣ ሁለተኛው የአገሬውን ሰው ያስቃል። ቶፔንግ ግን ሁለቱንም በአንድ ገላ ማኖር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1971 የባሊ ሊቃውንት በደንፓሳር ተሰብስበው ውዝዋዜዎቻቸውን በሦስት ከፈሉ፤ ቅዱስ የሆኑት፣ ሥርዓትን የሚያጅቡትና ለመዝናኛ የሚሆኑት። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንኑ አከፋፈል ተከትሎ ዘጠኝ ውዝዋዜዎችን በቅርስነት ሲመዘግብ ፓጀጋንን በመካከለኛው ክፍል አስቀመጠው። ቦታው ይገባዋል፤ አንድ እግሩ መቅደስ፣ አንድ እግሩ አደባባይ ነው። የመዝገብ ችግሩ ግን የሚመዘገበው ቅርጽ መሆኑ ነው። ዛሬ ጠዋት የተፈጠረ ቀልድ በየትኛው መዝገብ ይገባል?

ፓጀጋን የሚዘጋው «ሲዳካርያ» በተባለ ጥርሱ የገጠጠ፣ መልከ ጥፉ ጭምብል ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው በንጉሥ ዋቱሬንጎንግ ዘመን፣ በታላቁ የበሳኪ ቤተ መቅደስ ለበዓል ሲዘጋጁ፣ ጨርቁ ያደፈ እንግዳ መጥቶ ተባረረ፤ ረገማቸው፤ መቅሠፍት ወረደ፤ ለምነው ሲመልሱት በዓሉ ሠመረ። የስሙ ትርጉምም ሥራን ከፍጻሜ ማድረስ ነው። ስለዚህ ሩዝ እየበተነ፣ ጸሎት እየደገመ ሥርዓቱን የሚፈጽመው ውቡ ንጉሥ ሳይሆን ያ ከበር የተመለሰው ሰው ነው። በአሥር ደቂቃ የሆቴል ትርዒት ውስጥ ለሲዳካርያ ቦታ የለውም፤ የሚፈጸም ሥራ የለማ። ቶፔንግን ልማር ብሎ የሚነሣ ሰውም፣ ባሊያዊ ይሁን ባዕድ፣ አገሙን ካጠና በኋላ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ጭምብሉን አጥልቆ ለማን፣ ምን ሊናገር ነው?