የሜታኮሊን ምርመራና የአስም ፍርድ

በአስም ትምህርት የሜታኮሊን ምርመራ ብዙውን ጊዜ እንደ መጨረሻ ዳኛ ይጠቀሳል። ታማሚው እየጨመረ የሚሄድ የሜታኮሊን መጠን ወደ ሳንባው ይስባል፤ ከእያንዳንዱ መጠን በኋላ በመጀመሪያዋ ሰከንድ በኃይል የሚያስወጣው አየር በስፓይሮሜትር ይለካል። ልኬቱ ከመነሻው በ20 በመቶ ሲቀንስ ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ይባላል። ይህ ቃል ግን የአየር ቧንቧው በቀላሉ የሚቆጣ መሆኑን እንጂ የበሽታውን ስም አይናገርም። የአፍንጫ አለርጂ ያለበት፣ በሲጋራ ምክንያት ቧንቧው የጠበበበት ወይም በቅርቡ ጉንፋን የያዘው ሰው ቧንቧም እንዲሁ ሊቆጣ ይችላል።

የምርመራው ትክክለኛነት በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን በተመርማሪውም ይወሰናል። ለስሌት ያህል፣ ምርመራው ከ100 የአስም ታማሚዎች 90ውን ያገኛል፣ አስም ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 70ውን ነፃ ያወጣል እንበል። ከ1,000 ሰዎች አስም ያለባቸው 50 ብቻ ቢሆኑ 45 እውነተኛና 285 ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይገኛል። በአንጻሩ «ኔጌቲቭ» ከሚባሉት 670 ሰዎች መካከል አስም ያለባቸው 5 ብቻ ናቸው። ከተመርማሪዎቹ ግማሾቹ አስም ያለባቸው ሲሆኑ ግን ከ600 ፖዘቲቮች 450ው እውነተኛ ይሆናሉ። እንግዲህ ምርመራው አስምን ከማረጋገጥ ይልቅ አስም አለመሆኑን ለማመልከት ይበልጥ ይረዳል።

ኔጌቲቭ ውጤትም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይታመንም። በትንፋሽ የሚወሰድ ስቴሮይድ የቧንቧውን ቁጣ ያበርዳል፤ በጊዜው ያልተቋረጠ ቧንቧ አስፊ መድኃኒት ውጤቱን ይሸፍናል። ሜታኮሊን ሲሳብ በጥልቀት መተንፈስም ቀላል አስምን ሊሰውር ይችላል። የአውሮፓ የመተንፈሻ አካላት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የቴክኒክ መመሪያ ተራ አተነፋፈስን የመረጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት የታተመው የጅማ ጥናት ከ12,000 በላይ ሰዎችን በመጠይቅ አዳርሶ፣ የደረት ማፏጨትና አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ እንደሚበዛ አሳይቷል። ጥናቱ ለአገሪቱ ትልቅ ውለታ የዋለ ቢሆንም፣ በዋናነት የመዘነው በቃል የተነገረን ምልክት ነው። ሆኖም ሜታኮሊን ቢታከልበት እንኳ፣ አስም ጥቂት በሆነበት ሕዝብ መካከል ሐሰተኛው ፖዘቲቭ ከእውነተኛው ሊበልጥ እንደሚችል ከላይ ያለው ስሌት ይመሰክራል።

ችግሩ በማጀቴና በይፋት ቆላ ሲታይ ሌላ መልክ ይይዛል። ዕድሜዋን በማገዶና በኩበት ጭስ ፊት ያሳለፈች እናት ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይዟት ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ ሕመሟ አስም፣ ጭስ ያመጣው የሳንባ መጥበብ፣ ቲቢ ወይም የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። ያለ ማስረጃ «አስም» ብሎ መዝጋት ቲቢን ያስረሳል። አስምን አለመጠርጠር ደግሞ ታማሚዋን በየጊዜው ለማያስፈልግ አንቲባዮቲክ፣ ሲብስም ለሞት ይዳርጋል።

በዚህ ደረጃ ሜታኮሊንን መጠበቅ ሕክምናን ማዘግየት ነው። ምልክቱ የሚመላለስ መሆኑን፣ ሌሊት መባሱንና ቀስቃሹን ጠይቆ መመዝገብ፣ ለቲቢ አክታ ማስመርመር፣ ልብን ማዳመጥ ይቀድማል። ፒክ ፍሎው ሜትር ካለ ጠዋትና ማታ ለሁለት ሳምንት ይለካ፤ በአዋቂ ሰው የዕለቱ ልዩነት በአማካይ ከ10 በመቶ ማለፉ፣ ወይም ልኬቱ ከሳልቡታሞል በኋላ ቢያንስ በ20 በመቶ ማደጉ አስምን ይደግፋል። ልዩነት አለመታየቱ ግን ብቻውን አስምን አያስቀርም። ድንገተኛ አደጋ ከሌለ ልኬቱ ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል፤ የታፈነ ታማሚ ግን ልኬት አይጠብቅም።

ጥርጣሬው ያልተፈታለት ታማሚ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሲላክ ይህ መዝገብ አብሮት ሊሄድ ይገባል። በዚያ የሜታኮሊን ምርመራ ቢደረግለት፣ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚታመን የሚወስነው በጤና ጣቢያው የተጻፈው ታሪክ ነውና።