ሌባው ወይስ ሌቦቹ?

እስቲ የድሮ ፊልም የሚወድ ሰው ያዙና «ከሁሉ የማይረሳህ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣላችሁ መልስ ግዙፍ ነገር ነው። የ«ቤን ሀር» የሠረገላ ግልቢያ፣ የበረሃ ጦርነት፣ የሚቃጠል ከተማ። ትልቅ ትዝታ የሚተወው ትልቅ ትዕይንት ይመስለናል። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1948 ሮም ውስጥ የተሠራ፣ ስለ አንድ ብስክሌት መሰረቅ የሚያወራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ከነዚህ እኩል ስሙ የሚነሳው በምን አቅሙ ነው? እኩል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት የፊልም ሐያስያንን ድምፅ ሲያሰጥ አንደኛ የወጣው ይሄው የብስክሌት ፊልም ነበር።

የማወራው ስለ ቪቶሪዮ ደሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነው። ጦርነቱ ካለቀ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሮም በሥራ ፈት ተሞልታለች። አንቶኒዮ ሪቺ የሚባል አባወራ ከስንት ጥበቃ በኋላ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ተገኘለት። ብስክሌት የሌለው ግን አይቀጠርም። የሱ ብስክሌት ደግሞ ገንዘብ ተበድሮባት መያዣ ሆናለች። ሚስቱ ማሪያ ምን አደረገች? አልጋውን ገፈፈችው! አንሶላዎቹን ሰብስባ ወስዳ በብስክሌቷ ፈንታ አስያዘቻቸው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ የነማሪያን አንሶላ ታቅፎ መደርደሪያው ላይ ይወጣል። ይወጣል፣ ይወጣል፣ አሁንም ይወጣል። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ድረስ በጥቅል አንሶላ ታጭቋል። ማንም አያለቅስም፣ ማንም ስለ ድህነት ንግግር አያደርግም። በኔ ግምት ግን ፊልሙ ሥራውን የጨረሰው እዚህች ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ያቺን ብስክሌት ባየናት ቁጥር የምናየው የተገፈፈውን አልጋ ነው። ዋጋዋን አውቀናላ! ሌላው ፊልም በሚሊዮን የሚቆጠር ወርቅ ያዘርፍና ግድ አይሰጠንም፤ ምክንያቱም ወርቁ ማን ቤት ምን እንዳጎደለ አልነገረንም።

አንቶኒዮ በመጀመሪያ የሥራ ቀኑ የሪታ ሄይዎርዝን ፖስተር ሲለጥፍ ብስክሌቷን ነጠቁት። «ሌባ! ሌባ!» እያለ ሮጠ። ማን ይስማው? አንዱ እንዲያውም ሆን ብሎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ፖሊስ ዘንድ ሲሄድ አቤቱታው ተመዘገበለት፤ ፍለጋው ግን የራሱ ጉዳይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ በሙሉ አባትና ትንሹ ልጁ ብሩኖ ሮምን ሲያስሱ ነው።

ሁሉም ነገር እኩል ተዋጥቶለታል ማለቴ አይደለም። የአሌሳንድሮ ቺኮኚኒ ሙዚቃ አልፎ አልፎ «አልቅሱ እንጂ» እያለ ይጎተጉተናል፤ ሳይነግሩንም እናለቅስ ነበር። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው ትዕይንት ግን እንከን አይወጣለትም። አባትየው ልጁን በጥፊ መቶታል፤ ሊክሰው ብሎ ነው ያስገባው። ብሩኖ ከጎኑ ያለውን የሀብታም ልጅ አበላል በዓይኑ እየሰለለ ይበላል። አባትየው ሥራው ቢሆንለት ኖሮ በወር የሚያገኘውን ያስደምረዋል። ድምሩ ሲታይ የምግቡ ጣዕም እንዴት እንደሚጠፋ ፊቱ ላይ ታነቡታላችሁ።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። ጣሊያኖቹ ፊልሙን ሲሰይሙት «ሌቦች» ብለው በብዙ ቁጥር ነው። አሜሪካ ሲደርስ «የብስክሌት ሌባ» ሆነና ነጠላ ተደረገ። አንዲት ፊደል ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። ሁሉን ነገር ታበላሻለች! አንቶኒዮ ተስፋው ሲሟጠጥ፣ ከስታዲየሙ አቅራቢያ አንድ በር ላይ የቆመች ብስክሌት አየ። ልጁን በትራም ሂድ ብሎ አሰናበተና እሷን ይዞ በረረ። «ሌባ!» ተባለ። የሚገርመው ይሄ ነው፤ ያቺው ከተማ፣ ያው ጩኸት። ትናንትና ለሱ ሲጮህ ያልሰማው ሁሉ ዛሬ ሰምቶ ግር ብሎ ወጣና ከበበው። የፊተኛው ሌባ አመለጠ፤ ይሄኛው አልቻለበትም፤ ተያዘ። ነጠላው ርዕስ «ሌባው ያ አንደኛው ነው» ብሎ ያሳርፈናል። ብዙ ቁጥሩ አያሳርፍም።

እኛስ? እሱ ሲሮጥ ልባችን ያለው ከማን ጋር ነው? «አምልጥ! አምልጥ!» ያላለ ተመልካች ካለ እጁን ያውጣ። ብስክሌቷ የሌላ ምስኪን ብትሆንስ? ባለቤቷም እቤቱ አንሶላ የሌለው ሰው ቢሆንስ? ይሄንን የምናስበው ዘግይተን ነው።

አንድ አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር፣ ዴቪድ ሴልዝኒክ፣ ኬሪ ግራንት አባትየውን ሆኖ ከተጫወተ ገንዘቡን እችላለሁ ብሎ ነበር። ደሲካ እምቢ አለ። ደግ አደረገ! ኬሪ ግራንት ሲሮጥ እንደማይያዝ እናውቃለና። ላምቤርቶ ማጆራኒ ግን ከፋብሪካ የመጣ ሠራተኛ ነው፤ ፊቱን አናውቀውም፣ ምንም ሊደርስበት ይችላል። ደረሰበትም፤ ከፊልሙ በኋላ በተመለሰበት ፋብሪካ ከተቀነሱት ሠራተኞች አንዱ ሆነ።

የብስክሌቷን ባለቤት ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ፊልሙ ላይ ስም እንኳን የለውም። ሰዉ አንቶኒዮን በጥፊ እያጣደፈ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሊጎትተው ሲል፣ ሰውየው ዞር ብሎ ብሩኖን አየ። ልጁ በትራም አልሄደም፤ ሁሉን አይቷል። መሬት የወደቀውን የአባቱን ባርኔጣ አንስቶ አቧራውን እያራገፈ ቆሟል። ሰውየው ተወው፣ አልከስም አለ። ከዚያ አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከስታዲየም በሚመለሰው ሕዝብ መሃል ይሄዳሉ። ቀኑ እሑድ ነው፤ በማግስቱ ሰኞ አንቶኒዮ ያለ ብስክሌት ሥራ መግባት አይችልም።