ትንሿ 0.5 በግሪክ ላይ ያመጣችው ጣጣ

መንግሥት ወጪውን በ1 ዩሮ ቢቀንስ የአገር ገቢ በስንት ይወርዳል? ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውሮፓ ወጪ ስትቆርጥ፣ ተንባዮች 0.5 ገደማ ብለው ነበር የያዙት። የአይኤምኤፎቹ ብላንሻርና ሌይ በ2013 ባወጡት ጥናት ግን ቁጥሩ በቀውሱ መጀመሪያ ከ1 በደንብ ይበልጥ ነበር። ስህተትን እንዲህ አደባባይ ማውጣት ያስመሰግናል። የጥናቱ ጉድለት ሌላ ነው፦ ቅነሳው በምን ፍጥነት መሄድ እንደነበረበት ሳይፈርድ ያልፋል። እኛ ኢንጂነሮች ግን አንዷን ንክኪ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላት የማናውቀውን ሲስተም ቀስ እያልን ነው የምንነካው! ግሪክ ውስጥ ገቢ ሲወርድ ሌላ ቅነሳ ተጨመረ። በ2012 ዝቅተኛው ደመወዝ በ22 በመቶ፣ ከ25 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ በ32 በመቶ ተቆረጠ። ጉልበት ሲረክስ ቅጥር ይበዛል ነበር ሐሳቡ። ገዢ በጠፋበት ገበያ ማን ይቀጥራል? በ2013 ሥራ አጥነቱ 27 በመቶን አለፈ፤ የወጣቶቹማ ከግማሽ በላይ ነበር።