አፈርሳታ እና ሁለት ወንበር

በዚህ እትም የማነሣላችሁ መጽሐፍ ስለ እኛው አገር የተጻፈ ቢሆንም ብዙዎቻችን አላነበብነውም። ርእሱ «አፈርሳታ» ነው። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የጉራጌ ተወላጅ ናቸው። ቀደም ሲል በቸሃ ቋንቋ የጻፉት ስለ ሽነጋ መንደር የሚተርክ ሥራ በቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ታትሟል። «አፈርሳታ»ን ግን ራሳቸው በእንግሊዝኛ ጽፈውት እ.ኤ.አ. በ1969 ሃይነማን በአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ አወጣው።

ታሪኩ የሚነሣው የናማጋ ጎጆ በመቃጠሉ ነው። ያቃጠለው ሰው ስላልታወቀ የአካባቢው ሕዝብ ለአፈርሳታ ይጠራል። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የቀድሞ የምርመራ ሥርዓት ነው። ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ አጥፊው እንዲወጣ ሁሉም ይጠየቃል፤ ካልወጣም ዕዳው የጋራ ይሆናል። የናማጋ ጉዳይ እንዴት እንደሚያልቅ አልነግራችሁም፤ አንብቡት።

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ሽማግሌዎቹን ሞኞች አድርጎ አለመሳሉ ነው። የአንድ ሰው ጎጆ ሲቃጠል አገር ሁሉ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ፣ የአንዱ ጉዳት የሁሉም መሆኑ፣ ዛሬ በከተማ የምንናፍቀው ነገር ነው። ድካሙ ደግሞ ለውጭ አንባቢ ልማዱን ሲያብራራ ታሪኩ መዘግየቱ ነው። ሥርዓቱን በደንብ እናያለን፤ በዚያ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሰው በልቡ ምን እንደሚል ግን የፈለግሁትን ያህል አልሰማሁም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል ሕዝብ በጉባኤ ፊት ሲጠየቅ ምን ይሰማዋል?

ይህን የምጠይቀው እኔም አንድ ጊዜ አፈርሳታ ጠርቼ ስለማውቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣቶች ኅብረታችን ለታመመች እህት ያዋጣው ገንዘብ ከመሳቢያ ጠፋ። ከጸሎት በኋላ በሩን ዘጋሁና «የወሰደው ሰው ይነሣና ይናገር፤ ጌታ ያያል» አልሁ። አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ማንም አልተነሣም። በጭንቀቴ መካከል ዐይኔ ደጋግሞ አንድ ልጅ ላይ ዐረፈ፤ ቤታቸው እንደተቸገረ አውቅ ነበርና። ሌሎቹም ዐይኔን ተከትለው አዩት። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ከወራት በኋላ ሌላ ልጅ ማታ ቤቴ መጣ። «ቲቸር፣ የወሰድሁት እኔ ነኝ» አለኝ። ያን ቀን ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅሁት። «ያን ቀን የጠየቁት ሁላችንን ነው፤ እኔን አልጠየቁኝም» አለ።

ልጁ ገንዘቡን ቀስ በቀስ መለሰ። የከበደኝ የራሴው ዕዳ ነበር። መናኸሪያ አጠገብ ወደሚሠራበት ሱቅ ሄጄ ያን የመጀመሪያውን ልጅ አገኘሁት። «ጠርጥሬህ ነበር፤ ተሳስቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ብዙ ዝም አለና «እናቴም ሰምታለች» አለኝ። ስለዚህ እናቱም ዘንድ ሄድሁ። የሚገባኝን ተቈጣችኝ፤ አንድም ምክንያት አላቀረብሁም። ልጁ እስከ ዛሬ ወደ ኅብረቱ አልተመለሰም። ነገር ግን መንገድ ላይ ስንገናኝ መንገድ አልቀይርም፤ ሰላም እንባባላለን። ውስጤን ያሰረው ያንን ሰው ፊት ለፊት ማየት መፍራቴ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ነጻ የወጣሁት እርሱ ስለተመለሰልኝ ሳይሆን የምደብቀው ነገር ስላለቀ ነው።

ጌታ በማቴዎስ 18፥15-17 ላይ ያስቀመጠውን ቅደም ተከተል እዩ። መጀመሪያ ሁለት ሰዎች ብቻ፣ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ምስክሮች፣ በመጨረሻ ጉባኤው። አፈርሳታ የሚጀምረው ጌታ በጨረሰበት ነው። ናታንም ዳዊትን የገሠጸው አደባባይ ላይ በሕዝብ ፊት አልነበረም፤ እርሱ ዘንድ ገብቶ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ በማይክሮፎን ጀምረን ሁለት ወንበር ማስቀመጥን እንረሳለን።

ይህ ሲባል ጉባኤ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ክፋቱ የአደባባይ ሲሆን እውነቱም በአደባባይ ይነገራል። የቃቄ ወርድወት በጆካ ሸንጎ ሽማግሌዎች ፊት ቆማ ሴቶችን ስለሚያስረው የጋብቻ ልማድ እንደተሟገተች በአገራችን ይነገራል። የተደፈረች እህትንም «ብቻሽን ሄደሽ አነጋግሪው» ማለት የማቴዎስን ቃል ማጣመም ነው። እርሷ የሚያስፈልጋት አብሯት የሚቆም ሰው ነው። ቃሉ የሚከለክለው ደካማውን ሰው በብዙ ዐይን መካከል ማቆምን ነው፤ እኔ ያደረግሁትን።

ስለዚህ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ያላችሁ ኅብረቶች፣ መጽሐፉን ብታገኙት አብራችሁ አንብቡት፤ እንግሊዝኛው የሚከብደው ካለ የሚችለው ይተርክለት። ከዚያም እነዚህን ተወያዩባቸው።

1. በኅብረታችን ውስጥ ሁላችንን ጠይቀን አንዱን ሳንጠይቅ የቀረነው ነገር አለ?
2. መንገድ የምትቀይሩበት ሰው ማን ነው? የዚህን መልስ ለቡድኑ አትናገሩ። ሄዳችሁ ለሰውየው ንገሩት።