ስንት ተተከለ ሳይሆን ስንት በጋውን ተሻገረ?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ያን ቀን እጃችሁ አፈር ነክቶ ይሆናል። የተከለውን ሰው ልፋት ማንኳሰስ አልፈልግም። እኔ የምተቸው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ስንት ጉድጓድ እንደተሞላ ይነግረናል፤ ስንት ዛፍ እንዳገኘን ግን አይነግረንም። ይህ ክፍተት በጣም የሚሰፋው ደግሞ ተራራ ላይ፣ ዛፍ መብቀል በሚያቆምበት ከፍታ አካባቢ ነው።

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያ ሐይቅ አጠገብ ያለችውን ላንቴን እንውሰድ። እዚያ ሙዝ የሚያለማ ገበሬ ከቦዩ ራስ ብዙ ውሃ ተለቀቀ ቢሉት አይረካም። እሱ የሚጠይቀው ማሳው ላይ ስንት እንደደረሰ ነው። ያ ውሃ የሚወርደው ከበላዩ ካለው ከጋሞ ደጋ ነው። ደጋው ሲራቆት ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወደ ቦዩና ወደ ሐይቁ ያወርደዋል። ስለዚህ ላይ የተተከለ ችግኝ መጽደቅ አለመጽደቁ ታች ላለው ገበሬም ጉዳዩ ነው።

የመማሪያ መጽሐፉ መልስ

“ተራራ አናት ላይ ዛፍ ለምን የለም?” ብትሉ የምታገኙት መልስ “ስለሚበርድ” የሚል ነው። መልሱ ስህተት አይደለም። በባዝል ዩኒቨርሲቲ የሠሩት የዕፅዋት ተመራማሪ ክርስቲያን ኮርነር ከዓለም ዙሪያ በተሰበሰበ መረጃ እንዳሳዩት፣ የዕድገት ወቅቱ አማካይ ሙቀት ወደ 6.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ዛፍ ያበቃል። ከዚያ በታች ቅጠሉ ምግብ መሥራት ቢችልም አዲስ እንጨትና ሥር መገንባት ያቅተዋል።

እስቲ እኛው እናስላው። ላንቴ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አማካይ ሙቀቷን 23 ዲግሪ እንበል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 23 ላይ 6.4 ቀንሱ፣ ለ6.5 አካፍሉ፤ ወደ 2,550 ሜትር ይመጣል። ላንቴ ላይ ስትደምሩት የዛፍ ወሰኑ 3,750 ሜትር አካባቢ ይሆናል። የጋሞ ከፍተኛው ተራራ ጉጌ 4,200 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በዚህ ስሌት ከዛፍ ነፃ መሆን ያለበት አናቱ ብቻ ነው።

ሄዳችሁ ብታዩ ግን እንደዚያ አይደለም። በብዙ ቦታ ደኑ ከዚህ ከፍታ በጣም ዝቅ ብሎ ያልቃል። ከዚያ በላይ ገብስ፣ እንሰትና የግጦሽ ሣር ነው። ታዲያ ስሌቱ ምን ሳተ?

አማካዩ የሚደብቀው

ቀን 8 ሌሊት 4 ዲግሪ የሆነ ቦታ አማካዩ 6 ነው። ቀን 14 ሌሊት ከዜሮ በታች 2 የሆነ ቦታም አማካዩ 6 ነው። ሁለተኛው ቦታ ላይ ግን በየሌሊቱ ውርጭ አለ። የእኛ ተራሮች ለሁለተኛው ይቀርባሉ፤ ከክረምትና ከበጋ ልዩነት ይልቅ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ይበልጣል።

ሌላም አለ። የአየር ሁኔታ ጣቢያ ቴርሞሜትር የሚሰቀለው ከሰው ደረት በላይ ነው። ችግኙ የሚኖረው ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ነው። ሰማዩ በጠራ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች፤ ስለዚህ ሣሩ መካከል ያለው አየር ቴርሞሜትሩ ከሚያነበው በብዙ ሊበርድ ይችላል። ትልቅ ዛፍና ችግኝ አንድ ቦታ ቆመው የሚኖሩት በተለያየ አየር ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ችግኝ የሚሞትበት መንገድ

የደጋውን አስታ እንይ። ዘሩ እንደ አቧራ ደቃቅ ነው። ነፋስ ሩቅ ይወስደዋል፤ ግን ስንቅ የለውም። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ላይ ካረፈ አፈር ሳይነካ ይቀራል። ቢበቅልም ሥሩ አጭር ነው። ሌሊት አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ በረዶ መርፌነት ሲለወጥ መሬቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ችግኙንም ከነሥሩ ይነቅለዋል። ጠዋት ደግሞ ቅጠሉ ገና ደርቆት ሳለ ኃይለኛ ፀሐይ ያርፍበታል። ቅጠሉ ብርሃኑን ሊጠቀምበት ስለማይችል ራሱ ይጎዳል።

ከሁሉ የከፋው ነገር፣ የጠራ ሰማይና ብርቱ ውርጭ የሚመጡት ዝናብ በሌለበት በበጋ ነው። ብርድና ጥም አንድ ላይ ይመጣሉ። ከድንጋይ ወይም ከቁጥቋጦ ጥግ ያለ ችግኝ የተሻለ ዕድል አለው፤ ጥላው ከጠዋት ፀሐይ፣ ከለላው ከውርጭ ያድነዋል። በቀጥታ መስመር፣ በእኩል ርቀት፣ ገላጣ ሜዳ ላይ መትከል ለፎቶ ያምራል። ለችግኙ ግን ጥሩ አይደለም።

ከብርዱ የሚቀድመው

ይህን ሁሉ ያለፈ ችግኝ የከብት አፍና እሳት ይጠብቁታል። በጋሞ ባህል ጎሜ የሚባለው ክልክል የሚጠብቃቸው የአምልኮ ደኖች ለዚህ ምስክር ናቸው። ከወሰናቸው ውስጥ ዛፍ አለ፤ ከወሰኑ ውጭ፣ በዚያው ከፍታ፣ እርሻና ሣር ነው። ብርዱ ለሁለቱም ያው ነው።

እዚህ ላይ ግን “ጥፋተኛው አርብቶ አደሩ ነው” ብላችሁ እንዳትጣደፉ። በባሌ ተራሮች፣ ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ሥር የተከማቸው ደለል ተጠንቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ እሳትና አስታ ለ14,000 ዓመታት ያህል አብረው ኖረዋል። አስታ ሲቃጠል ከግንዱ ሥር እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህም ቆጠራችንን ሌላ ወጥመድ ውስጥ ይከተዋል፤ ከርቀት ወይም ከሳተላይት ስታዩት ቁጥቋጦው የተመለሰ ይመስላል። ግን የድሮው ሥር ያወጣው እንጂ አዲስ ችግኝ ላይሆን ይችላል። አሮጌው ሥር የሞተ ዕለት ተተኪ የለም።

ታዲያ ምን ይቆጠር?

መቶ ችግኝ ምልክት አድርጉ። የት እንደቆሙ ጻፉ፦ ከድንጋይ ጥግ፣ ከሣር ውስጥ፣ ከገላጣ ላይ። ጥር ላይ ቁጠሩ፣ ግንቦት ላይ ድገሙ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ተመለሱ። የሞተውን ደግሞ ምን እንደገደለው መዝግቡ፦ ተነቅሏል፣ ደርቋል ወይስ ተበልቷል? ይህ መዝገብ ከአንድ ቀን ትልቅ ቁጥር ይልቅ ለቀጣዩ ተከላ ይጠቅማል።

የሪፖርቱ የመጨረሻ መስመር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፦ ቦታው ለከብት ሲዘጋ ወጪውን ማን ከፈለ? ላንቴ ያለው ገበሬ የጠራ ውሃ ቢያገኝ፣ ላሟን የምታሰማራበት ያጣችው ግን ደጋ ያለችው እናት ናት። ለእሷ መኖ ወይም ሌላ ማካካሻ ያልታሰበበት ዕቅድ ላይ አጥሩ ብዙም አይቆይም፤ ችግኙም እንዲሁ።