ከፎርማት በፊት

ጅግጅጋ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ተቀብሎ ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት «ሲ ላይ ያስቀመጡት ነገር አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ጠጋኝ ምስጋና ይገባዋል። ብዙዎቻችን ዲ ላይ ያለው እንደሚተርፍ ስለምናውቅ እንዘናጋለን። ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ግን፣ ካልተዛወሩ በቀር፣ የሚቀመጡት ሲ ላይ ነው። የፒችትሪ የሂሳብ መዝገብም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ከቶጎ ውጫሌ ወይም ከቀብሪ በያህ ለመጣ ነጋዴ ያ መዝገብ ጠፋ ማለት የዓመታት የዱቤ ማስረጃ ጠፋ ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ፎንት የሚያስታውሰው ነው። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ አማርኛ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ሶማሊኛ ይህ ችግር የለበትም። ጎበዙ ባለሙያ ግን ሳይነገረው ፎንቶቹንም አብሮ ይገለብጣል።

ማሽኑ አልነሳ ቢልም ተስፋ አይቆርጥም። ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነስቶ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ያወጣል፤ ወይም ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘዋል። ዲስኩ የሚንቋቋ ከሆነ ምትክ የሌላቸውን ያስቀድማል፦ የሠርግ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ። ሲጨርስ የተገለበጠውን መጠን ከዋናው ጋር ያስተያያል፤ ጥቂቶቹንም ከፍቶ ያያል። ይህ ሁሉ ሰዓት ይወስዳል።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ሲስተም ልታስቀይሩ የምትሄዱ፣ አዲስ ዕቃ አልገባም ብላችሁ ከክፍያው አትቀንሱበት።